የሥራ ኹኔታና የሠራተኛ ትጋት

ሠራተኛ ጕልበቱን በደመወዝ ይሰጣል፤ ልቡን ግን በደመወዝ ብቻ አይሰጥም። ቀንበር አንገቱን ያቈሰለው በሬ በጅራፍ ቢመታ እግሩን ያነሣል እንጂ ፈቅዶ አይስብም። የሰውንም ትጋት የሥራው ስፍራ፥ የሥራው ሰዓትና የአሠሪው ጠባይ ያበዙታል ወይም ያሳንሱታል። በስኮትላንድ አገር የተደረገው ነገር ለዚህ ምስክር ነው።

በክላይድ ወንዝ ዳር ኒው ላናርክ የሚባል የጥጥ መፍተያ የነበረ መንደር አለ። በ1800 ዓመት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ሮበርት ኦዌን የሚባል የዌልስ ተወላጅ የዚህን መንደር አስተዳደር ያዘ። ከሠራተኞቹ መካከል ከድኾች ማደሪያ የመጡ ብዙ ሕፃናት ነበሩ። ኦዌን እንደ ጻፈው ስርቆትና ስካር በመንደሩ በዝቶ ነበር፤ ሕዝቡም እንግዳውን አስተዳዳሪ አላመነውም።

ኦዌን ሠራተኞቹን በዱላ ማረም አልፈለገም። ዕድሜያቸው ዐሥር ዓመት ያልሞላቸው ልጆች እንዳይሠሩ ከለከለ። መልካም ዕቃ በርካሽ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ። በያንዳንዱ ሠራተኛ አጠገብ አራት ገጽ ያላት ትንሽ እንጨት አሰቀለ፤ ገጾቿም ጥቍር፥ ሰማያዊ፥ ቢጫና ነጭ ነበሩ። ወደ ፊት የዞረው ቀለም የሠራተኛውን የትናንት ሥራ ያሳይ ነበር፤ ጥቍሩ ክፉውን፥ ነጩም እጅግ መልካሙን ያመለክታል። ፍርዱ አይገባኝም የሚል ሠራተኛ ለኦዌን አቤት ማለት ይችል ነበር።

ይህ ኹሉ ኾኖ ሕዝቡ ገና ይጠራጠር ነበር። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ አሜሪካ ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከለከለችና መኪናዎቹ አራት ወር ያህል ቆሙ። ኦዌን ግን አንድ ሠራተኛ አላሰናበተም፤ መኪናዎቹን እየወለወሉ እንዲቈዩ አድርጎ ሙሉ ደመወዛቸውን ከፈለ። ወጪውም ከ7,000 ፓውንድ በላይ ነበር። የሠራተኞቹ ልብ የተመለሰው በዚያን ጊዜ ነው። ደመወዛቸው ከሌላ ስፍራ የሚበልጥ ባይኾንም በክፉ ቀን እንደማይጣሉ አወቁ።

በዃላ ሸሪኮቹ ለሠራተኞችና ለትምህርት የሚወጣውን ገንዘብ ስለ ተቃወሙ ፋብሪካው በ1813 ለሐራጅ ቀረበ። ኦዌን ከአዲስ ሸሪኮች ጋራ ገዝቶ በተመለሰ ጊዜ ሕዝቡ ፈረሶቹን ፈትቶ ሠረገላውን በገዛ እጁ ጐተተ። በ1816ም ለመንደሩ ልጆችና ዐዋቂዎች ትልቅ የትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በዚያም ዓመት የቀኑ ሥራ፥ የምግብ ሰዓት ሳይቈጠር፥ 10 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነበር። በዚህም ኹሉ ፋብሪካው ትርፉን አላጣም።

እንግዲህ እረኛ ወይም አራሽ የሚቀጥር ሰው ሥራው ለምን ተበላሸ ብሎ ከመቈጣቱ አስቀድሞ ምን አበላሁት፥ መቼ አሳረፍሁት፥ በታመመ ጊዜስ ምን አደረግሁለት ብሎ ራሱን ይመርምር። መምህሩም ተማሪዎቹን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ የኒው ላናርክ ሰዎች ሠረገላውን ማንም ሳያዛቸው የጐተቱት ስለ ምንድር ነው?