ስለ ደጋ አጋዘን አደን መሰናዶ

የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት ተራሮች፣ ይልቁንም በአርሲና በባሌ የሚገኝ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይታይ እንስሳ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት በመጻሕፍታቸው ስሙን ያስገቡት እንደ እነርሱ አቈጣጠር በ1910 ዓመት ነው። ዛሬ መጥፋት ከሚያሰጋቸው እንስሶች ጋራ ስለ ተቈጠረ፣ የሚያድነውም አደኑን የሚቈጣጠረው ሹምም አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ።

1ኛ፤ ፈቃድ። በ1999 ዓ.ም. በወጣው የዱር እንስሳት ዐዋጅ ቍጥር 541 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ስለዚህ የወረዳው ሹም የፈቃዱን ወረቀት ሳይመረምር ለአዳኙ መንገድ መሪ ሊሰጠው አይገባም።

2ኛ፤ የሰውነት ልምምድ። አጋዘኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ከ3000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ያልለመደ ሰው ራሱን ያመዋል፤ ትንፋሽም ያጥረዋል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ጠመንጃውን በቤቱ ትቶ፣ ሸክም ተሸክሞ፣ ከየካ በላይ ያለውን አቀበትና የእንጦጦን ራስ በየሳምንቱ ቢወጣ እግሩም ሳንባውም ይበረታል፤ የእንጦጦ ራስ 3000 ሜትር ያልፋልና። በዚያ ጫካ ድኵላ ቢያይ ግን ዓይኑን ያለማምድበት እንጂ አይንካው።

3ኛ፤ ነፋስ። በተራራ ላይ ማለዳ ነፋሱ ወደ ሸለቆ ይወርዳል፤ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ወደ ላይ ይወጣል። አጋዘን የሰውን ሽታ ከሩቅ ስለሚለይ፣ ማለዳ ከታች ወደ ላይ፣ ረፋድ ላይ ግን ከላይ ወደ ታች ሊቀርቡት ይገባል። ጥቂት ዐመድ ይዞ ብን ማድረግ የነፋሱን አካሄድ ያሳያል።

4ኛ፤ ስንቅና ጓዝ። በሶ፣ ቆሎ፣ ውሃ፣ በርኖስ፣ ክብሪትና ገመድ ያስፈልጋል። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊመዝን ስለሚችል፣ ሥጋውን የሚያወርዱ ሰዎችና በቅሎች አስቀድመው ይዘጋጁ።

5ኛ፤ ተኵስ። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጉም ሳይገለጥ፣ ቀንዱም በግልጽ ሳይታይ አይተኰስም። በገደል አፋፍ የቆመውም ቢመታ ወደማይደረስበት ስለሚወድቅ ይተዉት። የቈሰለውን ግን ዱካውን ተከትሎ ሳያገኙ መመለስ ነውር ነው።

አንዲት እንስት በስሕተት ብትገደል ከእርስዋ የሚወለዱት ሁሉ አብረው ይጠፋሉ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ተራሮች ከጠፋ ከሌላ አገር አምጥቶ መተካት ስለማይቻል፣ ሹማምንት ይህን ለአዳኞችም ለአገሬውም ሕዝብ አጥብቀው ሊያስረዱ ይገባቸዋል።