የየቲሙ ሰውነት መቼ ያርፋል? ከጃዕፈር ልጆች ቤት የምንማረው

 

ስለ የቲም ድጋፍ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምንቆጥረው የዱቄቱን ኪሎ፣ የደብተሩን ደርዘንና የወሩን ብር ነው። መቆጠሩም ተገቢ ነው፤ የተራበ ልጅ በምክር አይጠግብም። ነገር ግን በመድረሳ ልጆችን ስናስተምር በኖርንባቸው ዓመታት ደጋግመን ያየነው አንድ ነገር አለ። አባቱን ያጣ ልጅ ከጠገበና ከለበሰ በኋላም ሰውነቱ አያርፍም። በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። ሌሊት ይባንናል። ዕድሜው ካለፈ በኋላ ፍራሹን ያረጥባል። ሆዴን አመመኝ ይላል፤ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ግን በሽታ አይገኝበትም። ትናንት በቃሉ የያዘው አያ ዛሬ ይጠፋበታል። ሰዎች «ሰነፈ» ይሉታል፣ «ባለገ» ይሉታል፣ «ነርቩን ነክቶታል» ይሉታል። ከሦስቱ ለእውነት የሚቀርበው የመጨረሻው ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ «ነርቭ» ምን እንደሆነና በዕለት ኑሯችን እንዴት እንደሚጠበቅ እናያለን።

አላህ (ሱ.ወ) በሰው አካል ውስጥ ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ የሚሠራ የነርቭ ክፍል ፈጥሯል። የልብን ምት፣ የምግብን መፈጨት፣ የላብን መውጣት የሚመራው እርሱ ነው። ሁለት ዘርፎች አሉት። አንደኛው አደጋ ሲመጣ የሚነሣው ሲሆን ሐኪሞች ሲምፓቴቲክ ይሉታል። ልብን ያፈጥናል፣ ትንፋሽን ያሳጥራል፣ ደምን ወደ ጡንቻ ይልካል፤ ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት እጢዎችም አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉት ወደ ደም ይገባሉ። ሁለተኛው ፓራሲምፓቴቲክ ይባላል። ልብን ያረጋጋል፣ ሆድን ያሠራል፣ ሰውነትን ለእንቅልፍ ያዘጋጃል። ዋና መሥመሩ ቬገስ የተባለው ነርቭ ነው፤ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአንገት በኩል እየወረደ ልብን፣ ሳንባንና ሆድን ያገኛል።

በመንገዱ ላይ ጅብ የገጠመው ሰው የመጀመሪያው ዘርፍ ያስፈልገዋል። ጅቡ ሲሄድ ሁለተኛው ተራውን ይረከባል፤ ሰውየውም ቤቱ ገብቶ ይተኛል። አባቱ የተቀበረበት ልጅ ግን ጅቡ መሄዱን የሚነግረው አላገኘም። የቤት ኪራዩ ይከፈል አይከፈል፣ እናቱ ከሥራ ትመለስ አትመለስ፣ ነገ ወደ የትኛው ዘመድ እንደሚላክ አያውቅም። ስለዚህ አደጋን የሚጠብቀው ነርቭ ሌሊቱንም ዘብ እንደቆመ ያነጋል። የሆዱ ሕመም ውሸት አይደለም፤ ዘብ የቆመ ሰውነት ሆዱን ይዘጋል። ትምህርቱ አለመያዙም ከዚሁ ነው። የፈራ አንጎል የፊደሉን ቅርጽ ከመያዝ ይልቅ የመምህሩን እጅ መጠበቅ ይቀናዋል። በእንዲህ ያለ ልጅ ላይ አለንጋ የሚያነሣ መምህር የሚነድ እሳት ላይ ጋዝ እንደሚያርከፈክፍ ነው።

ታዲያ ሰውነቱ እንዲያርፍ ምን ይደረግ? ለዚህ ከሲራ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም፤ ምሳሌውም ከሀገራችን ጋር ይገናኛል።

ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ለእኛ እንግዳ አይደሉም። በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ ሙስሊሞቹ ስደተኞች የተናገሩት እርሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ዐብደላህ የተባለውን ልጃቸውን የወለዱት በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 629) ጃዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆኑ፤ ሕፃናት ልጆቻቸውም የቲም ሆነው ቀሩ።

ኢማም አህመድና አቡ ዳውድን ጨምሮ የሐዲስና የሲራ ሊቃውንት እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ጃዕፈር ቤት በመጡ ጊዜ አስማእ ሊጥ አቡክተው፣ ልጆቻቸውን አጥበውና ቅባት ቀብተው ነበር። ነቢዩ ልጆቹን አስጠሩ፤ ወደ ራሳቸው አስጠግተው አሸተቷቸው፤ እንባቸውም ፈሰሰ። መርዶውን ለእናቲቱ ራሳቸው ነገሩ። ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ እንዲሠራም ወገኖቻቸውን አዘዙ፤ ሐዘኑ ከምግብ ሥራ ያዘናጋቸዋልና። ለሐዘኑ ሦስት ቀን ሰጡ። ከዚያ በኋላ ተመልሰው ልጆቹን ዳግም አስጠሩ። ዐብደላህ ካደገ በኋላ ይህን ሲተርክ ያን ዕለት የቀረቡበትን ሁኔታ በጫጩት መስሎታል። ነቢዩም ፀጉር ላጭ አስጠርተው የልጆቹን ራስ አስላጩ። አንደኛው አቡ ጣሊብን እንደሚመስል፣ ዐብደላህም በመልክና በጠባይ እርሳቸውን እንደሚመስል ተናገሩ፤ የዐብደላህን እጅ ይዘውም ዱዓ አደረጉለት። እናቲቱ የልጆቿን የቲምነት ባነሣች ጊዜ ድህነትን እንዳትፈራላቸው፣ በዱንያም በአኺራም ወሊያቸው እርሳቸው እንደሆኑ አስታወቋት።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን ስለ ሐዘን ሥርዓት ሲነገር ሰምተነዋል። ከላይ ያየነውን የነርቭ አሠራር ይዘን ስንመለስበት ግን እያንዳንዱ ተግባር ለተሸበረ ሰውነት የተላከ «ጅቡ ሄዷል» የሚል መልእክት ሆኖ እናገኘዋለን።

መጀመሪያ የመጣው ቃል አልነበረም፤ እቅፍ ነበር። በቆዳችን ውስጥ ቀስ ያለና ለስላሳ ዳሰሳን ለይተው ወደ አንጎል የሚወስዱ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች አሉ። ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ የሚረጋጋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የልቡን ድርቀት ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላመለከተ ሰው ሚስኪንን እንዲያበላና የየቲምን ራስ እንዲዳብስ መመከሩ በሙስነድ አህመድ ተዘግቧል። የሚዳብሰውም የሚዳበሰውም ይለሰልሳሉ ማለት ነው። ሆኖም ሲነካ የሚሸማቀቅ ልጅ አለ፤ እርሱን በግድ ማቀፍ ዘቡን ማጠንከር ነው። አጠገቡ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ያደጉ ልጆችም የመህረምነት አደብ ይጠበቅላቸዋል።

ቀጥሎ ምግብ ነበር። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ከቤተሰባቸው ሰው ሲሞት፣ ለቅሶ የመጡት ሴቶች ከተመለሱ በኋላ ለቤቱ ሰዎች ተልቢና እንዲሠራ ያዙ እንደነበር በቡኻሪ ተዘግቧል፤ ሐዘንን በከፊል እንደሚያቀል ከነቢዩ ሰምተው ነበርና። ተልቢና ከገብስ ዱቄት በቀጭኑ የሚሠራ ሲሆን ወተትና ማር ሊገባበት ይችላል፤ ለእኛ እናቶች ከገብስ አጥሚት ብዙ የራቀ አይደለም። በፍርሃት የተዘጋ ሆድ እንጀራና ወጥ ሲገፋ ሞቅ ያለ ቀጭን ነገር ይቀበላል። እናቲቱ በቤቷ የምታገኘው ይህ እያለ «ለነርቭ» እየተባለ በየገበያው ለሚሸጠው ብልቃጥ ሁሉ ገንዘቧን እንዳታወጣ ልንነግራት ይገባል።

ይበልጥ ያስደነቀን ግን ፀጉር ላጩ ነው። ለቅሶ በተቀመጡበት ቤት ፀጉር ላጭ ምን ይሠራል? ሐዘኑ እውነት ነው፣ ጊዜም ተሰጥቶታል፤ አሁን ግን የዕለቱ ኑሮ ይመለስ እንደማለት ነው። የተሸበረ ነርቭ ከሁሉ በላይ የሚያርፈው ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ነው። የቀኑ ሥርዓት ለልጁ ግድግዳና ጣሪያ ይሆንለታል። አምስቱ ሶላት ዒባዳ ናቸው፤ የነርቭ ሕክምና ብለን አናሳንሳቸውም። ቀኑን በአምስት ምሰሶ የሚያቆም ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ግን አሁን ምን ሰዓት እንደሆነና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ይህም ከበረከቱ አንዱ ነው። ከዒሻ በኋላ ያለ ጉዳይ ተቀምጦ ማውራት በሱና የተጠላ መሆኑን እናውቃለን። ኮርቲሶል በጤናማ ሰው ጧት ከፍ ብሎ ማታ ዝቅ የሚል ስለሆነ፣ ሌሊቱን በቴሌቪዥንና በሞባይል ብርሃን የሚያሳልፍ ቤት ይህን ዑደት ያዛባል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ እንዲያገኝ ሐኪሞች ይመክራሉ። የቲም የምናሳድግ ሰዎች ይህን እንደ ቅንጦት ልናየው አይገባም።

ልጁ ሌሊት ባንኖ ሲነሣ ጥያቄ አናብዛበት። መብራት ይብራለት፣ ውሃ ይጠጣ፣ እግሩ መሬት ይንካ። ከዚያም የሚያውቀውን አጭር ሱራ ቀስ ብለን አብረነው እንቅራ። በመድ ፊደላት ላይ ድምፅ ሲረዝም ትንፋሽም አብሮ ይረዝማል፤ ትንፋሽ በዝግታ ሲወጣ ደግሞ ቬገስ የልብን ምት ያዘገያል። ይህን በተጅዊድ የሚያስተምሩ ኡስታዞች ዋጋውን ይወቁት።

አካልንና ነፍስን አንድ ላይ ማከም ለሙስሊሞች አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሁለቱ ጤና በአንድ መጽሐፍ የጻፉ ሲሆን፣ ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት በቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ በሰላሙ ጊዜም ለጭንቀት ቀን የሚሆኑ መልካም ሐሳቦችን እንዲያከማች መክረዋል። በ1284 በካይሮ የተሠራው የሱልጣን ቀላዉን ሆስፒታልም የአእምሮ ሕሙማንን ይቀበል ነበር። ስለዚህ ልጁ የሚንቀጠቀጥና ራሱን የሚስት ከሆነ፣ ለሳምንታት ካልተኛ፣ ምግብ ከተወ፣ መናገር ካቆመ ወይም መሞትን ከተመኘ፣ ቁርኣን እየተቀራበትም ቢሆን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። ሩቅያና ሕክምና አይጣሉም። «ጂን ነው» ተብሎ ልጅን መደብደብ ግን ከሩቅያም ከሕክምናም አይደለም።

አሁን ወደ ለጋሾች እንመለስ፤ የጃዕፈር ቤት ታሪክ የሚያበቃው በዋስትና ነውና። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለእናቲቱ የሰጧት ቃል የአንድ ቀን ስጦታ አልነበረም፤ ቀጣይ ኃላፊነት ነበር። በእኛ ዘንድ ብዙው ሰደቃ በረመዳን ይጎርፋል፤ ከሸዋል በኋላ ይደርቃል። አንድ ሰው 6,000 ብር በረመዳን በአንድ ጊዜ ቢሰጥ፣ ሌላው በየወሩ መጀመሪያ 500 ብር ቢሰጥ በዓመቱ መጨረሻ ድምሩ እኩል ነው። ለአንዲት የቲም እናት ግን እኩል አይደለም። ሁለተኛዋ በየወሩ ምን እንደሚመጣ ስለምታውቅ ማታ ትተኛለች። እናት ስትረጋጋ ልጅ ይረጋጋል፤ ሕፃን የአደጋን መኖር የሚያነበው ከአሳዳጊው ፊትና ድምፅ ነውና። ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ ተወዳጅ መሆኑን በሐዲስ የተማርን ሰዎች ይህን ለመቀበል ሊከብደን አይገባም።

ልጁ የት ይደግ የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት ተመራማሪዎች 136 በማሳደጊያ የነበሩ ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን በቤተሰብ ውስጥ እንዲያድጉ አድርገው ነበር። በ2007 እና በ2015 የታተሙት ውጤቶች እንዳሳዩት በቤተሰብ ያደጉት በአእምሮ ዕድገት በለጡ። በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት ሰውነታቸው ለጭንቀት የሚሰጠው ምላሽ በወላጆቹ ቤት ካደገ ልጅ ጋር ተቀራረበ፤ በማሳደጊያው እንዲቀሩ ዕጣ የወጣባቸው ግን ምላሻቸው ደንዝዞ ተገኘ። ለሕንፃ ገንዘብ ማሰባሰብ ይቀላል፤ ሕንፃ ፎቶ አለውና። አያት ወይም አክስት ልጁን በቤቷ እንድታቆየው መርዳት ፎቶ የለውም። በእኛ እምነት ግን፣ ዘመድ ካለ፣ ብሩ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው።

ስለ ፎቶ ካነሣን አይቀር፣ ልጆችን አሰልፎ የአባታቸውን መሞት በድምፅ ማጉያ እየተናገሩ ደብተር ማደል ይቅር። የጃዕፈር ልጆች ከአባታቸው ወገን ማንን እንደሚመስሉ እንጂ ምን እንደጎደላቸው አልተነገራቸውም። የቲም ልትጠይቁ የምትሄዱ ወንድሞችና እህቶች በስሙ ጥሩት፤ አባቱን የምታውቁ ከሆነም በምን እንደሚመስለው ንገሩት። የምትመጡበትን ቀን ከእናቱ ጋር ወስኑ፤ ለምሳሌ በየወሩ የመጀመሪያው ጁሙዓ ከዐስር በኋላ ይሁን። ያን ቀን መምጣት የማይቻል ከሆነ አስቀድማችሁ ላኩባት፤ ልጁ በር በሩን ሲያይ እንዳያመሽ።