የተሰደደውን ማልበስ፣ ክብሩንም መጠበቅ



ጌታችን ስለ መጨረሻው ፍርድ ሲያስተምር እንግዳን መቀበልንና የታረዘን ማልበስን አከታትሎ ጠቅሷል (ማቴ. 25፥35-36)። ሁለቱ በእርግጥ አይለያዩም፤ ከቀየው ተነቅሎ የመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የለበሰውን ብቻ ይዞ የወጣ ነውና። ማደሪያ ቢያገኝ ድስት የለውም፤ ድስት ቢያገኝ ምንጣፍና ብርድ ልብስ ይጎድለዋል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ምን እንስጥ የሚለውን ብቻ አይደለም። እንዴት ብንሰጥ የተቀባዩ ገላ ከብርድ፣ ክብሩም ከውርደት እንደሚጠበቅ አብረን እንመረምራለን።

1. እንግዶቻችን እነማን ናቸው?

በሱዳን ጦርነት የተነሣው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በእኛ አቈጣጠር በቀዳም ሥዑር ዕለት ነበር። ከዚያ ወዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል። ከእነርሱም መካከል ሱዳናውያን፣ በሱዳን ተጠልለው የነበሩ የሌሎች አገሮች ሰዎች፣ ኑሮአቸውን ጥለው የተመለሱ ኢትዮጵያውያንም ይገኙባቸዋል። ቀደም ሲልም ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ከወለጋና ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ተፈናቅለው በክልላችን የተጠለሉትንም ሁላችን እናውቃለን።

ባሕር ዳር ራሷ በእንግዶች የተሠራች ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ በ1953 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ የፖሊቴክኒክ ተቋሙም በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት፣ ሠራተኛውና ተማሪው ከየአቅጣጫው መጥቶ ነው በጣና ዳር የሰፈረው። ስለዚህ ሌላውን «መጤ» ብሎ የሚጠራ የከተማው ነዋሪ አስቀድሞ የአያቱን አመጣጥ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

2. ቅዱሳት መጻሕፍት ምን ያስተምሩናል?

ጦቢት ወደ ነነዌ የተማረከ ስደተኛ ነበር። ሆኖም በዚያው በስደት ምድር ለተራቡት ወገኖቹ እንጀራውን፣ ለታረዙትም ልብሱን ይሰጥ ነበር (ጦቢ. 1፥17)። ከዚህ የምንማረው ስደተኛ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ሰጪም ለመሆን እንደሚችል ነው። ኋላ ዓይኑ በጠፋ ጊዜ ሚስቱ ሐና በሽመና ሥራ እየተቀጠረች ቤቱን አስተዳደረች። አሠሪዎቿ ከደመወዟ በላይ አንድ የፍየል ግልገል ቢጨምሩላት ግን ባሏ እንኳ የተሰረቀ እንዳይሆን ብሎ ጠረጠራት (ጦቢ. 2፥11-14)። ድኻ ደኅና ነገር ይዞ ሲታይ መጠርጠሩ ዛሬም አልቀረም። ተፈናቃይ ጥሩ ካፖርት ለብሶ ወይም ስልክ ይዞ ብናይ «ይህስ ምን ቸገረው?» ለማለት እንቸኩላለን። ከቤቱ ሲሮጥ ያተረፈው ያ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ግን አናስብም።

በኢዮጴ የነበረችው ዶርቃም መበለቶችን ያለበሰችው ከቤቷ በተረፈ ቡትቶ አልነበረም። በእጇ እየሠራች ነበር፤ በሞተችም ጊዜ መበለቶቹ እያለቀሱ የሠራችላቸውን ልብስ ለቅዱስ ጴጥሮስ አሳዩት (ሐዋ. 9፥36-39)። የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስም በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በሣጥን ተቈልፎ የተቀመጠ ልብስ የታረዘው ሰው ንብረት እንደ ሆነ አስተምሯል።

3. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ የምንሰጠው ልብስ እኛ ራሳችን ለብሰነው ወደ ቅዳሴ ለመሄድ የማናፍርበት ይሁን። የተቀደደው ተሰፍቶ፣ ያደፈው ታጥቦ፣ የጎደለው ቁልፍ ተተክሎ ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ የተቀባዩን ልማድና እምነት እናክብር። ከሱዳን የመጣች ሙስሊም እናት ገላዋንና ራሷን የሚሸፍን ልብስ ትሻለች። አጭር ቀሚስ ሰጥተን አልለብስም ብትል ምስጋና ቢስ አይደለችም።

ሦስተኛ፣ ልብስ የእምነት ማጥመጃ አይሁን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ ምግባረ ሠናይ ሰውን ወደ ሃይማኖት ለመሳብ መሣሪያ እንዳይሆን በግልጽ አስተምረዋል። እኛ በቁጥር ጥቂቶች በሆንበት በዚህ አካባቢ ይህ በተለይ ሊጠበቅ ይገባዋል። ለኦርቶዶክሳዊውም ለሙስሊሙም ያለ ጥያቄ ይሰጥ።

4. በነጻ ወይስ በአነስተኛ ዋጋ?

እ.ኤ.አ. በ1833 ፍሬዴሪክ ኦዛናም የተባለ የ20 ዓመት ተማሪ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በፓሪስ ያቋቋመው የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር ድኾችን በየቤታቸው በመጎብኘት ጀመረ። ዛሬ ይኸው ማኅበር በልዩ ልዩ አገሮች ያገለገለ ልብስና የቤት ዕቃ በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉት። ጥቂትም ቢሆን የከፈለ ሰው ገዢ ነው። ይመርጣል፣ ይለካል፣ «ይህ አይሆነኝም» ብሎ ይመልሳል። የተሰለፈ ተረጂ ግን የደረሰውን ተቀብሎ ይሄዳል። ይሁን እንጂ አንድ ብር የሌለው ቤተ ሰብ እንዳይቀር፣ የጎበኘው መምህር አስቀድሞ ካርድ ይስጠው። ካርድ ያለውም ገንዘብ የከፈለውም ከአንድ መደርደሪያ ይምረጡ፤ ማን በምን እንደ ወሰደ ለሌላው አይታወቅ።

ዕቃው ከየት ይምጣ? በገበያ ሰልባጅ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ያገለገለ ልብስ ለንግድ ከውጭ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ቁምስና በዚህ መንገድ ላይ ሥራውን ሊመሠርት አይገባም። ከምእመናን የሚሰበሰበው ይቅደም፤ የጎደለውም ከአካባቢው ሸማኔና ልብስ ሰፊ ይገዛ። በፎገራ ወረዳ የሚገኘው፣ በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው የአውራምባ ማኅበረሰብ በደርግ ዘመን ከቀየው ተሰዶ ነበር። ሲመለስም የእርሻ መሬት ስላነሰው ሽመናን መተዳደሪያው አደረገ። ከተፈናቃዮች መካከል መስፋት ወይም መሸመን የሚችል ካለ፣ ጋቢውን ከመስጠት ይልቅ ሥራውን መስጠት ይበልጣል።

5. በቁምስናችን ምን እናድርግ?

ሀ. አስቀድመን እንጠይቅ። ከመተማ ቆላ የመጣ ሰው ስስ ልብስ ለብሶ ነው የሚደርሰው፤ ባሕር ዳር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የታኅሣሥ ሌሊቷ ይበርዳል። ጋቢና ብርድ ልብስ ይቅደም። በጣና ዙሪያ ወባ ስላለ አጎበርም ከቤት ዕቃ ይቈጠር። ድስት፣ ጀሪካን፣ የከሰል ምድጃ፣ ምንጣፍ፣ ለሴቶች የወር አበባ መጠበቂያ፣ ለልጆች የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ ይከተሉ።

ለ. ከዕድር እንማር። ዕድሮቻችን ድንኳን፣ ሰታቴና ሰሃን በጋራ ገዝተው ለአባል ያውሳሉ፤ ለኀዘንም ለደስታም ያገለግላሉ። እንግዳው ግን ዕድር የለውም። ሰው ቢሞትበት ወይም ልጁን ክርስትና ቢያስነሣ በምን ያስተናግዳል? የቁምስናው ዕቃ ቤት እንደ ዕድር ያውሰው፤ ውሎ ሲያድርም አባል ይሁንና ለሌላው ያውስ።

ሐ. የአካባቢውን ድኻ አንርሳ። ጎረቤቱ ታርዞ እያየ እንግዳው ብቻ ቢለብስ ቅሬታ ይነሣል፤ ጉዳቱም ተመልሶ በእንግዳው ላይ ይወድቃል።

መ. ስንሰጥ ፎቶግራፍ አናንሣ፤ ስሙንም በአደባባይ አንጥራ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሣጥናችን ውስጥ ዓመት ሙሉ ያልለበስነው ምን አለ? ለምን አስቀመጥነው?
2. በሠፈራችን ባለፉት ሁለት ዓመታት የመጡ ቤተ ሰቦችን በስም እናውቃለን? ከመካከላችን ቤታቸው የገባ ማን ነው?
3. ከእነርሱ ዘንድ ምን ሙያ አለ? እኛስ ከእነርሱ ምን ልንቀበል እንችላለን?

ቅዱስ ያዕቆብ፣ ለታረዘውና ለተራበው ያለ ስጦታ የሚነገር የሰላም ቃል እንደማይረባ ያስጠነቅቀናል (ያዕ. 2፥15-16)። እንግዲህ እስከሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ቤተ ሰብ ጎብኝቶ፣ የጎደለውን ከራሱ ከቤተ ሰቡ አንደበት ሰምቶ ይምጣ።