በመኪና መግቢያ ላይ በማቆም ቢቀጡ
በ1961 እ.ኤ.አ. የወጣው የትራፊክ ደንብ ለተሽከርካሪ በተመደበ መግቢያ ላይ መኪና አቁሞ መሄድን ይከለክላል። ሆኖም በሐዴራ አንድ ባለቤት ያለ ፈቃድ አጥሩን ከፍቶ፣ የመንገዱን ጠርዝም በገዛ እጁ ቀይና ነጭ ቀብቶ ከሆነ፣ ቅጣቱን (ዶሕ) ለመቃወም ምክንያት አለዎት።

ምን ማድረግ ይገባል?

1. ቦታውንና ምልክቱን ፎቶግራፍ ያንሱ።

2. በማዘጋጃ ቤቱ (ዒሪያ) የምህንድስና ክፍል የቤቱን መዝገብ (ቲክ ቢንያን) ለማየት ይጠይቁ። መግቢያው በግንባታ ፈቃዱ ፕላን ላይ መኖሩን ይመልከቱ።

3. መግቢያው በፕላኑ ላይ ከሌለ፣ ቅጣቱ በደረስዎ በ30 ቀን ውስጥ እንዲሰረዝልዎ በጽሑፍ ያመልክቱ። በፍርድ ቤት ለመከራከር የሚጠየቀው ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ ነው።

ማስታወሻ፦ ቅጣቱን መክፈል ጥፋትን እንደ ማመን ይቆጠራል። ሳይከፍሉና ሳያመለክቱ 90 ቀን ካለፈ ግን የመዘግየት ጭማሪ ይታከላል።