በካሜራ ውስጥ ያበጠ ባትሪ ስለ ማውጣት

ባለፈው ሚያዝያ ወር አራት ተማሪዎች ሆነን ለጥናት ወደ ሳንጃ ወርደን ነበር። ከጎንደር ተነሥቶ ትክል ድንጋይን አልፎ ወደ ታች አርማጭሆ የሚያወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ሹራቡን አውልቆ የሸሚዙን ቁልፍ የሚፈታበት ቦታ የት እንደሆነ አይጠፋውም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ሳንጃ ግን ቆላ ናት። ከዚያም ወዲያ እስከ መተማና እስከ ሱዳን ወሰን ድረስ ያለው የሰሊጥና የማሽላ አገር በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ የሚደርስበት ነው። የማኅበሩን ካሜራ የተረከብሁት እኔ ነበርሁ። በአራተኛው ቀን ካሜራው አልበራ አለ። ባትሪውን አውጥቼ ኤሌክትሪክ ልሞላው ብዬ ክዳኑን ብከፍት፣ ባትሪው ከቦታው ንቅንቅ አልል አለ።

ነገሩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በካሜራው ውስጥ የሦስት ቀን ሥራችን ነበረበት። ከሥዕሎቹም መካከል የአንዲት አሮጊት እናት ፎቶግራፍ ይገኝ ነበር። እኒህ እናት ልጃቸው ሱዳን ከተሻገረች ብዙ ዓመት እንደሆናት ነግረውን፣ «ፎቶዬን ስትልኩላት መሞቴን አለመሞቴን ታውቃለች» ብለውናል። በማግሥቱ ልንመለስ ነበርና ተጣደፍን። ካሜራውን ይዘን ገበያው ዳር ሬዲዮና ስልክ ወደሚጠግኑ አንድ ሰው ሄድን። እሳቸውም ተቀብለው አገላብጠው አዩትና፣ «ይኼማ ምን አላት ልጄ» ብለው ሰንጢያቸውን ዘረጉ። የሰንጢው ጫፍ በባትሪውና በካሜራው ግድግዳ መካከል ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ከጓደኞቼ አንዱ «ጋሼ፣ እባክዎ ይቆዩ» ብሎ እጃቸውን ያዘ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ሰንጢ ነው። ያ ባይሆን ኖሮ እኔም ራሴ በሹካ ለመፈልቀቅ አስቤ ነበርና።

እንደሚታወቀው በአገራችን ባትሪ የሚባለው በእጅ የሚያዘው መብራት ነው። በውስጡ የሚገባው ግን ድንጋይ ይባላል፤ የባትሪ ድንጋይ፣ የሬዲዮ ድንጋይ እንላለን። ድንጋይ ሲደክም ምን እንደሚደረግ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ይነከሳል፣ እርስ በርሱ ይጋጫል። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ቢያንስ ዜናውን እስኪጨርስ ይናገራል። ይህ ልማድ መሠረት የሌለው አይደለም። በዚንክና በካርቦን በተሠራው በቀድሞው ድንጋይ ውስጥ ያለው እንደ ሊጥ የራሰ ቅመም ሙቀት ሲያገኝ ሥራው ስለሚፋጠን፣ ደክሞ የነበረው ድንጋይ ለጥቂት ጊዜ ይበረታል። ቢነከስና ቢበሳ እንኳ የሚወጣው የሚያቃጥል ርጥበት ነው እንጂ እሳት አይደለም። አባቶቻችን በዚህ ድንጋይ ላይ ያደረጉት ሁሉ ብዙ ጉዳት ሳያደርስባቸው ያለፈው ስለዚህ ነው።

በዛሬው ካሜራና በስልክ ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነገር ነው። ሊቲየም አዮን ይባላል። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ አቀረበው፤ ለዚህ ባትሪ መገኘት የደከሙት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አሠራሩን ባጭሩ ብንመለከት፣ ሁለት ስስ ሉሆች አሉት። አንደኛው በመዳብ ላይ የተቀባ ግራፋይት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በአሉሚኒየም ላይ የተቀባ፣ ኮባልትን ወይም ሌላ ማዕድንን ከሊቲየም ጋር የያዘ ኦክሳይድ ነው። እነዚህ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ውፍረቱ ከ0.02 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ ፕላስቲክ ይገባና አብረው ይጠቀለላሉ። ቀሪው ቦታ የሚሞላው በቀላሉ በሚቀጣጠል ፈሳሽ ነው። እንግዲህ የጋሼ ሰንጢ ያንን ፕላስቲክ ቢበሳው ኖሮ፣ ሁለቱ ሉሆች ተነካክተው በባትሪው ውስጥ የቀረው ኀይል በአንድ ቦታ ወደ ሙቀት ይለወጥ፣ ሙቀቱም ፈሳሹን ያቀጣጥለው ነበር። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ሰኮንዶች ነው። ከዚያ የሚወጣውም ጢስ ሳንባን የሚጎዳ መርዝ አለበት።

ታዲያ ባትሪው ለምን ይጣበቃል? በእኛ ላይ የደረሰው ማበጥ ነው። ፈሳሹ ከእርጅና፣ ከመጠን በላይ ከመሞላትና ከሁሉም ይልቅ ከሙቀት የተነሣ ቀስ በቀስ ይበላሽና ጋዝ ይሆናል። የኬሚስትሪ መምህሮቻችን እንደ ግምት መለኪያ የሚነግሩን አንድ ነገር አለ፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የብዙ ኬሚካላዊ ለውጦች ፍጥነት እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚህ ሒሳብ በ25 ዲግሪ የሚቀመጥ ባትሪ 45 ዲግሪ ላይ ቢውል መበላሸቱ አራት እጥፍ ይፈጥናል ማለት ነው። እኛ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር እኔ፣ ካሜራውን ሁለት ቀን ሙሉ በመኪናው የፊት መስታወት ሥር አስቀምጬው ነበር። ፀሐይ ላይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጥ የዕቃው ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ማታ ማታም ሳይቀዘቅዝ ወዲያው ኤሌክትሪክ እሞላው ነበር። ባትሪውን ፀሐይ ላይ ማስጣት ይሉሃል ይኸ ነው! የካሜራ ባትሪ ማደሪያ ደግሞ ትርፍ ቦታ የለውም፤ ባትሪው ሆዱ አካባቢ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢነፋ በክረምት እንዳበጠ የእንጨት በር ሆኖ ይቀራል።

ሆኖም የተጣበቀ ሁሉ ያበጠ አይደለም። አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል። በብዙዎቹ ካሜራዎች ባትሪውን የምትይዝ አንዲት ትንሽ ቀለም ያላት መቆንጠጫ ትገኛለች፤ እርሷ ወደ ጎን ስትገፋ ከታች ያለው ሞላ ባትሪውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። አቧራ የገባበት ሞላ ይደክማል፤ የባትሪው ወረቀት ተልጦ የተጠቀለለበትም ጊዜ አለ። መቆንጠጫዋን ይዞ ባትሪውን በጣት ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መጫንና መልቀቅ ነው። ጥቂት ወጣ ብሎ ከቆመና ጠርዙ ከመሐል የተነፋ መስሎ ከታየ ያበጠ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። በተራ ትንንሽ ድንጋዮች የሚሠራ ካሜራ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። አልካላይን የተባለው ድንጋይ ሲያረጅ ያፈስና ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። ይህ ቅርፊት ከአልካሊ የመጣ ስለሆነ፣ ጥቂት ሎሚ ወይም ኮምጣጤ የነካ ጥጥ በእንጨት ጫፍ ጠቅልሎ ቢያሹት ይለቃል። ከዚያም በጥቂቱ በራሰ ጨርቅ ጠርጎ በደንብ ማድረቅ ነው። እጅንና ዐይንን መጠበቅ አይረሳ። ለሊቲየሙ ግን ሎሚም ሆነ ኮምጣጤ እንዳይቀርብ።

እንግዲህ ወደ አወጣጡ እንምጣ። የመጀመሪያው ነገር ካሜራውን ማጥፋት፣ ከኤሌክትሪክም መንቀል ነው። ቀጥሎ ሥዕሉ ያለበትን ካርድ ማውጣት ነው። ብዙ ጊዜ ካርዱ የሚገኘው በዚያው ክዳን ሥር ከባትሪው አጠገብ ነው፤ ጫን ሲሉት ብቅ ይላል። እኛን ያጣደፈን ይህን አለማሰባችን ነበር። ሥዕሉ የሚቀመጠው በካርዱ ላይ ነው እንጂ በባትሪው ውስጥ አይደለም፤ ባትሪው ለሳምንት ሳይወጣ ቢቀር የእኒያ እናት ፎቶግራፍ ምንም አይሆንም። ካርዱን አውጥተን በኪሳችን ከከተትን በኋላ የሁላችንም ትንፋሽ ተመለሰ። ጋሼም ሰንጢያቸውን አጥፈው፣ «ታዲያ ይኼን ቀድማችሁ አትነግሩኝም?» አሉን።

ከዚያ በኋላ ባትሪውን በእጅ ዳስሶ ማየት ነው። ቢሞቅ፣ ቢያፏጭ፣ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያን የመሰለ ሽታ ቢሸት መነካካቱን ትቶ ካሜራውን ከነባትሪው ሣርና እንጨት ወደሌለበት ባዶ መሬት ላይ አውጥቶ መራቅ ያስፈልጋል። በሳር ክዳን ቤት ውስጥ ይህን ሥራ መሞከር ዕብደት ነው። ጢስ ከጀመረ ደግሞ ጨርሶ አይነካም። ከተቀጣጠለ ከነፋሱ ወገን ቆሞ ብዙ ውኃ ማፍሰስ ሙቀቱን ያበርደዋል።

ካልሞቀ ግን ጥላ ሥር አስቀምጦ ማታ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይሻላል። ይህ ስንፍና አይደለም። የቻርልስን ሕግ ያጠና ሰው ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ግፊቱ ሳይለወጥ ከ40 ወደ 20 ዲግሪ የቀዘቀዘ ጋዝ፣ በኬልቪን ሲቆጠር ከ313 ወደ 293 ይወርዳልና፣ መጠኑ በመቶ 6 ያህል ይቀንሳል። ባትሪውን የያዘው ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነገር ሲሆን ይህችም ትጠቅማለች። ማቀዝቀዣ ውስጥ መክተት ግን መልካም አይደለም፤ ከዚያ ሲወጣ የአየሩ ርጥበት በካሜራው ውስጥ ጤዛ ይሠራበታልና።

እኛ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን። አንዳችን መቆንጠጫዋን በክብሪት እንጨት ወደ ጎን ገፍተን ያዝን። ካሜራውን ክዳኑ ወደ ታች እንዲሆን አዙረን በመዳፋችን ጀርባውን ጠበጥ ጠበጥ ብናደርገው ጥቂት ወረደ። ከዚያም ከውኃ ፕላስቲክ ጠርሙስ በመቀስ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ በባትሪውና በግድግዳው መካከል ቀስ እያልን አሾለክን። ብረት ያልሆነበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አይበሳም፣ የባትሪውንም ሁለት ጫፎች አያገናኝም። በመጨረሻ የባትሪውን ራስ በደረቅ ጨርቅ ወልውለን የሚያጣብቅ ፕላስተር ለጠፍንበት፤ ጫፉን እንደ ጆሮ አጥፈን ይዘን ሳናጣምም በቀጥታ ሳብን። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሲወጣ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ሆዱ ግን በግልጽ ተነፍቶ ነበር።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንቢ ቢል ምን ይደረጋል? የካሜራውን ብሎን ፈትቶ ግድግዳውን ማላቀቅ ይቻላል የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይቻላል፤ ግን በዕውቀት ካልሆነ አይሞከርም። ብልጭታ ያለው ካሜራ ለብልጭታው የሚሆነውን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ካፓሲተር በውስጡ አለው። ይህም እስከ 300 ቮልት ድረስ የሚሞላ ሲሆን ካሜራው ከጠፋ በኋላም ብዙ ጊዜ ይዞት ይቆያል። ይህን ለጋሼ ሳነሣባቸው ሳቁና አውራ ጣታቸውን አሳዩኝ፤ «እሱስ አንድ ቀን ከመቀመጫዬ አንሥቶኛል» አሉ። በሙያው የሠለጠነ ሰው መጀመሪያ እርሱን ያራግፋል። እኛ ግን ከጣታችን ካሜራውን ብናጣ ይሻላል።

አንድ ነገር ላክል። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው መጥተው የአገራችንን ተራራና ሰው አንሥተዋል። የእነርሱ ካሜራ የሚሠራው በመስታወትና በብርሃን ስለነበረ ባትሪ የሚባል ጣጣ አልነበረበትም። አንድ ሙሉ የዕቃ ጭነት በከብት ያስጭኑ ነበር እንጂ።

የወጣውን ባትሪ ከእንግዲህ ወዲያ ሞልቶ መጠቀም አይቻልም፤ «ትንሽ ነው ያበጠው» ማለት አይሠራም። ሆዱን በመርፌ በስቶ ጋዙን ማስተንፈስ በስልክ ጠጋኞች ዘንድ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ ይህም ከሰንጢው የተለየ አይደለም። እኛ የብረት ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍነን፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ጨምረን ቀበርነው፤ ቆርቆሮውንም ሳንከድን ከቤት ውጭ ጥላ ላይ አሳደርነው። በእሳት ውስጥ መጣልም፣ ሕፃናት በሚጫወቱበት ቆሻሻ ላይ መወርወርም አይገባም። በአውቶቡስ ስንመለስ ቆርቆሮው በእግሬ መካከል ነበር። ከተማ ስንደርስ የተበላሹ ባትሪዎችን ለይቶ ለሚያስቀምጥ የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ አስረከብሁት።

ለአዲሱ ባትሪ ገንዘብ ያወጣሁት ከኪሴ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና። አሁን ካሜራው በጨርቅ ተጠቅልሎ በሻንጣ መካከል ይጓዛል። ቆላ ስንወርድ ባትሪው ለብቻው ይቀመጣል። ሥራ ሳይኖረው ብዙ ቀን የሚቆይ ከሆነም ሙሉ ሳይሆን ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይቀመጣል፤ ሙሉ ሆኖ በሙቀት መቆየት ይበልጥ ይጎዳዋልና። ካሜራውን ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት የሚወስዱ ጓደኞች ይህን እንዲያስታውሱልኝ በማለት በማኅደሩ ላይ ወረቀት ለጥፌበታለሁ። የእኒያ እናት ፎቶግራፍ ጎንደር ታትሞ፣ ሁለት ቅጂ ሆኖ፣ በሳንጃ መኪና ሹፌር እጅ ተልኮላቸዋል። አንዱ ለልጃቸው ነው፤ ሁለተኛውን ግድግዳቸው ላይ እንደሰቀሉት ሹፌሩ ነግሮኛል።