የመኪና ፍጥነትና የናፍጣ ወጪ
(ለአስመጪዎች፥ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች የሚጠቅም ትምህርት)

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና በለገዳዲ በኩል ያልፋል። ወደ ጎጃም የሚሄደው በሱሉልታ፥ ወደ ነቀምቴ የሚሄደው በቡራዩ፥ ወደ ጅማ የሚሄደውም በሰበታ በኩል ነው። እነዚህ ከተሞች ለዋናው ከተማ የንግድ በሮች ስለ ሆኑ፥ በጎዳናቸው ላይ በከንቱ የሚቃጠለው ናፍጣ በጨው፥ በዘይትና በቆርቆሮ ዋጋ ላይ ተጨምሮ በመጨረሻ በነጋዴውና በገዢው ላይ ይወድቃል። ጢሱም የሚቀረው በመንገድ ዳር በሚኖረው ሕዝብ ሳንባ ውስጥ ነው።

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበትን ነዳጅ ሁሉ ማለት ይቻላል የምትገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። በ2014 ዓ.ም የክረምት መግቢያ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት ስለ ጀመረ፥ በሐምሌ 2016 ዓ.ም ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ ቀድሞ በቸልታ ይታለፍ የነበረው ሊትር ዛሬ በመዝገብ ሊቈጠር የሚገባው ሆኗል።

ፍጥነትን ቀንሶ ነዳጅ መቈጠብ አዲስ አሳብ አይደለም። በ1966 ዓ.ም የዓለም የነዳጅ ዋጋ ባሻቀበ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት በመላ አገሩ የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ55 ማይል፥ ማለት ከ88 ኪሎ ሜትር ግድም እንዳይበልጥ በሕግ ወሰነ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በአገራችን የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው እንደ ነበር የሚታወስ ነው። የአሜሪካው ሕግ እስከ 1988 ዓ.ም ቈይቶ ተሻረ። ብዙ ነጂዎች ስላላከበሩት የተገኘው የነዳጅ ቊጠባ ከታሰበው አነሰ፤ ነገር ግን በመኪና አደጋ የሚሞተው ሰው ሕጉ በወጣበት ዓመት ከ54,000 ወደ 45,000 ግድም ወረደ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ሰው በዚያ ዓመት መኪና የነዳው በጥቂቱ መሆኑ ቢሆንም፥ የፍጥነቱ መቀነስ ድርሻ ነበረው። ከዚህ የምንማረው፥ ሕግ ብቻውን ነዳጅ እንደማይቈጥብ፥ የሚቈጥበው ነጂውና ባለ ንብረቱ ሲተባበሩ መሆኑን ነው።

ፍጥነት ናፍጣ የሚበላበት ምክንያት እንዲህ ነው። መኪና ሲሄድ አየሩን እየገፋ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት እጥፍ ብቻ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ከጭነቱ ጋራ 300 ኩንታል የሚመዝን መኪና በለጥ ባለ መንገድ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በግምታዊ ስሌት ለ100 ኪሎ ሜትር 25 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ በ60 ሲነዳ ግን 20 ሊትር ያህል ይበቃዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ፍሬን ነው። ይህ መኪና በ80 ፍጥነት ሲገሠግሥ ከብት ወይም ባጃጅ ድንገት ገብቶበት ቢቆም፥ ያንን ፍጥነት መልሶ ለማግኘት ግማሽ ሊትር ያህል ያቃጥላል። በ60 ሲሄድ ከነበረ የሚጠፋው 0.3 ሊትር ያህል ነው። ከለገዳዲ ወዲያና ወዲህ ባለው መንገድ ላይ ገበያተኛው፥ ተማሪውና እንስሳው ስለማይታጡ፥ በ100 ኪሎ ሜትር ውስጥ አሥር ጊዜ ቢቆም የመጀመሪያው 5 ሊትር፥ ሁለተኛው 3 ሊትር ያባክናል። እንግዲህ ጠቅላላ ሒሳቡ 30 ሊትርና 23 ሊትር መሆኑ ነው። በ80 የሄደው የሚቀድመው በ25 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ለዚያች 25 ደቂቃ የተከፈለው ዋጋ 7 ሊትር ናፍጣ ነው።

ሊቈጠብ የማይችል ወጪም አለ። ያው መኪና ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ እስከ ለገዳዲ ከፍታ፥ ማለት እስከ 2,400 ሜትር ግድም ለመውጣት፥ ፍጥነቱ ምንም ቢሆን ለዳገቱ ብቻ 50 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማስተዋል የሚገባው በእጅ ባለው ላይ ነው።

ወደ ጢሱ ስንመለስ፥ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከሊትሩ ክብደት መብለጡ አያስገርምም፤ በናፍጣው ውስጥ ያለው ካርቦን ከአየሩ ኦክሲጅን ጋራ ስለሚዋሐድ ነው። በለገዳዲ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። በዚህ ምክንያት ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ነጂው ነዳጅ በኀይል ሲረግጥበት የሚበቃውን አየር ስለማያገኝ ናፍጣውን ሳያቃጥል ጥቁር ጢስ አድርጎ ይተፋዋል። ጥቁር ጢስ ማለት ተገዝቶ ያልሠራ ናፍጣ ነው።

ይሁን እንጂ ዝግታ ሁሉ ቊጠባ ነው ማለት አይደለም። ደጋግሞ እየቆሙ መነሣት፥ በዝቅተኛ ማርሽ መንፏቀቅም ናፍጣ ይጨርሳል። በከተማ ውስጥ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲደርሱ በኀይል ፍሬን ይዞ፥ ካለፉት በኋላ በኀይል መርገጥ ሁለት ጊዜ መክሰር ነው። ጥቅም ያለው በሕግ ከተወሰነው ሳያልፉ እኩል በሆነ ፍጥነት መሄድ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በነጂው ላይ መጣልም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነጂው በቢያጆ ቊጥር የሚከፈለው ከሆነ፥ ነጋዴውም በየሰዓቱ ስልክ እየደወለ «የት ደረስክ?» የሚለው ከሆነ፥ እንዲፈጥን ያዘዘው ራሱ ነጋዴው ነው። ብዙ ጊዜም እንዲህ ተጣድፎ የደረሰው መኪና ከመጋዘኑ በር ላይ ሞተሩ ሳይጠፋ ወዛደር ሲጠብቅ ይውላል፤ ከባድ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 2 ወይም 3 ሊትር ሊጨርስ ይችላል። በመንገድ ላይ በሕይወት ቊማር የተገኘችው 25 ደቂቃ በመጋዘን በር ላይ ጠፋች ማለት ነው።

ስለዚህ ባለ መኪናው ነጋዴ እነዚህን አራት ነገሮች ቢያደርግ ይጠቀማል፤
1ኛ. ለእያንዳንዱ መኪና የተቀዳውን ሊትርና የተጓዘውን ኪሎ ሜትር በመዝገብ ማስፈር፤
2ኛ. ከተገኘው ቊጠባ ለነጂው ድርሻ መስጠት፤
3ኛ. የማራገፊያውን ሰዓት አስቀድሞ ወስኖ ወዛደርን ማዘጋጀት፥ መኪናው ሲቆምም ሞተሩን ማስጠፋት፤
4ኛ. የጎማውን ነፋስና የአየር ማጣሪያውን በየጊዜው ማስመርመር።

አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ። እህል ቢፈስ ይለቀማል፤ ናፍጣ ግን አንድ ጊዜ ጢስ ሆኖ ከወጣ የሚለቅመው የለም። በመንገድ ላይ የጠፋ ነፍስም እንደዚሁ ነው።