ከገና በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች

የጌታችን የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን እንደሚውል የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብዬ አልገምትም። ከየቤቱ የሚሸተው ድፎ ዳቦ፣ በየሜዳው የሚነሣው የገና ጨዋታ፣ አሁን አሁን ደግሞ በየሱቁ ደጃፍ መብራት ተጠምጥሞበት የሚቆመው ዛፍ አስቀድሞ ይነግረዋል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን ለዚህ በዓል የምታዘጋጀው በምን ትምህርት ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ ከጾሙ በቀር የምንመልሰው ያለን ጥቂቶች ነን። እኔም እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ መልስ ከሌላቸው መካከል ነበርሁ። በዚያ ዓመት፣ 9ኛ ክፍል ሳለሁ፣ ባደረግሁት አንድ የማያስመሰግን ነገር ምክንያት ይህን ትምህርት ለመጠየቅ ተገደድሁ፤ የተማርሁትንም ለጓደኞቼ፣ ለመምህራኖቼና ለወላጆች ላካፍል ወድጄ ይህን ጽፌአለሁ። ሌላ ሃይማኖት ያላችሁ ጓደኞቼም ብታነቡት ነገሩን ከእናንተ የራቀ ሆኖ አታገኙትም።

ከልደት በፊት የሚጾመው ጾም ጾመ ነቢያት ይባላል። ኅዳር 15 ቀን ተጀምሮ ታኅሣሥ 28 ቀን ያበቃል፤ ድምሩም 44 ቀን ነው። ከነዚህም አርባው ነቢያት የመሢሕን መምጣት ሲጠባበቁ የጾሙት የሚታሰብበት ነው፤ ሦስቱ ከዚህ በታች የምተርከው የአባ አብርሃም ሶርያዊ ጾም ነው፤ የቀረችው አንዲት ቀን የበዓሉ ዋዜማ ስትሆን ገሃድ ትባላለች። በዘመነ ዮሐንስ ግን ጾሙም በዓሉም አንድ ቀን ይቀድማሉ። ምክንያቱ ሒሳብ ለሚወዱ ጓደኞቼ ደስ ይላቸዋል። ጌታ የተፀነሰው መጋቢት 29 ቀን ነው፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ሲሆን አምስት የጳጉሜን ቀን ይጨመርበታል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን፣ ይህ ቁጥር እንዳይዛነፍ ልደት በሚቀጥለው ዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። በ2016 ዓ.ም. የሆነው እንዲሁ ነው።

በዚህ ጾም መጨረሻ ገደማ ሦስት ስም ያላቸው እሑዶች አሉ። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 የሚውለው ስብከት፣ ከ14 እስከ 20 የሚውለው ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 የሚውለው ኖላዊ ይባላል። ኖላዊ በግዕዝ እረኛ ማለት ነው። በየእሑዱ ምን እንደሚነበብ የሚወስነው ግጻዌ የሚባለው መጽሐፍ ነው። ከወንጌሉ በፊት ዲያቆኑ ከመዝሙረ ዳዊት የተመረጠ ቃል በዜማ ያሰማል፤ ይህም ምስባክ ይባላል። ምስባክም ስብከትም ሰበከ ከሚለው ከአንዱ ግሥ የወጡ ናቸው። ስለዚህ ስብከት ማለት አንድ ሰው ሕዝብ ፊት ቆሞ የሚናገረው ንግግር ብቻ የሚመስለን ተሳስተናል፤ ሰባኪው አፉን ሳይከፍት፣ ገና ምስባኩና ንባቡ ሲመረጥ ስብከቱ ተጀምሯል።

የመጀመሪያው እሑድ ምስባክ ከመዝሙር 143 የተወሰደ ነው። ዳዊት ከጥልቅ ውኃ የሚያወጣው የእግዚአብሔር እጅ ከላይ እንዲላክለት የለመነበት ነው። ነቢያት ሁሉ ሲጠብቁት የኖሩት ይህን ስለ ሆነ ምስባኩ ለቀኑ ተገቢ መሆኑ ወዲያው ይገባል። ወንጌሉ ግን እኔን አስገርሞኛል። ዮሐንስ ምዕራፍ 1 ከቁጥር 44 ጀምሮ እስከ ምዕራፉ ፍጻሜ ያለው ነው፤ በዚህ ውስጥ ስለ ግርግም፣ ስለ መላእክት ወይም ስለ ሰብአ ሰገል አንድም ቃል የለም። ያለው የፊልጶስና የናትናኤል ንግግር ነው። ፊልጶስ ሙሴና ነቢያት የጻፉለትን አግኝተነዋል፣ የናዝሬቱ ኢየሱስ ነው ብሎ ለናትናኤል ሲነግረው፣ ናትናኤል የናዝሬትን ስም በሰማ ጊዜ ከዚያ መንደር መልካም ነገር ሊወጣ እንደማይችል ተናገረ።

ለልደት መዘጋጃ የሚሆነው የመጀመሪያ ንባብ በንቀት ቃል የሚጀምረው ለምንድር ነው? ይህን ጥያቄ ልጅ ሳለሁ ፊደል ላስቆጠሩኝ የኔታ አቅርቤላቸው ነበር። እርሳቸውም መልሱን ወዲያው ከመስጠት ይልቅ፣ «ናትናኤል የየት አገር ሰው ነው?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ። አላወቅሁም። ዮሐንስ ምዕራፍ 21 ላይ የገሊላ ቃና ሰው እንደ ሆነ ተጽፏል። ቃናና ናዝሬት ሁለቱም ገሊላ ውስጥ ያሉ፣ በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤታሞች ናቸው። እንግዲህ ናትናኤል የናቀው የማያውቀውን ሩቅ አገር ሳይሆን ጎረቤቱን ነው። ደግሞም ያልተማረ ሰው አልነበረም። ነቢዩ ሚክያስ በምዕራፍ 5 የሚመጣው ገዥ ከቤተ ልሔም እንደሚወጣ መናገሩን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ያውቃል፤ የናዝሬት ስም ግን በብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። ስለዚህ ንቀቱን የሚደግፍበት ጥሩ ማስረጃ ነበረው። እዚህ ላይ እኛ ተማሪዎች ቆም ማለት ያለብን ይመስለኛል፤ ትምህርት ንቀትን ያጠፋል ሲባል ብንሰማም፣ አንዳንድ ጊዜ ማስረጃ እየፈለገ ያጠነክረዋልና።

የኔታ አንድ ነገር ጨመሩልኝ። መምህራን ሲተርኩ እንደሚሰማው፣ ሄሮድስ ሕፃናትን ባስፈጀ ጊዜ ናትናኤልም ሕፃን ነበረ፤ እናቱም በበለስ ሥር ሸሽጋ አዳነችው። ጌታ ከበለስ በታች ሳለህ አውቅሃለሁ ሲለው የደነገጠው ለዚህ ነው ይላሉ። ትውፊቱን ተቀብለን ብናስበው ነገሩ የሚያስደንቅ ነው፤ በዚያ ሕፃን ምክንያት ሰይፍ የተመዘዘበት፣ እርሱም የተረፈ ሰው፣ ዛሬ ያንኑ ሕፃን በመንደሩ ስም ይንቀዋል። ፊልጶስ ግን አልተከራከረውም፤ ሄደህ ራስህ ተመልከት ማለትን መረጠ። ጌታም አልገሠጸውም፤ ተንኰል የሌለበት ሰው ነው ብሎ አመሰገነው እንጂ።

አሁን የራሴን ልናገር። አርብ ታኅሣሥ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሒሳብ ፈተና ውጤት ሲነበብ ከሁላችን የበለጠ ያመጣው አብሮኝ የሚቀመጥ ልጅ ነበር። አባቱ ቆዳ እያለፋ ጠፍርና ቀበቶ የሚሠራ ነው። ከኋላ አንድ ልጅ ዝቅ ባለ ድምፅ «የፋቂ ልጅ» አለ። እኔ ሳቅሁ፤ መሳቅ ብቻ ሳይሆን ያልሰሙት እንዲሰሙ ቃሉን ደገምሁት። ጓደኛዬ ምንም አልመለሰም፤ መጻሕፍቱን ሰብስቦ የመጨረሻው መቀመጫ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። በዚያ ዓመት ጾሙን አንድ ቀን እንኳ ሳላስታጕል እጾም ነበርና፣ በእሑዱ ደህና ጿሚ ሆኜ ቅዳሴ ቆምሁ፤ ወንጌሉም ሲነበብ ናዝሬት የሚለው ስም ላይ ሲደርስ ሰውነቴን ላብ አጠመቀኝ። የኔታን የጠየቅኋቸው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ለምን እንደ ጠየቅሁ ግን አልነገርኋቸውም።

በሚቀጥለው እሑድ፣ በብርሃን፣ ወንጌሉ የዮሐንስ የመጀመሪያው ምዕራፍ መጀመሪያ ነው፤ ምስባኩም ዳዊት ብርሃንህን ላክልኝ ብሎ የለመነበት መዝሙር 42 ነው። ስለዚህ ምዕራፍ ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋልና እኔ ከአንድ ነጥብ በቀር አልነካም። ይኸውም ብርሃኑ ወደ ገዛ ወገኖቹ በመጣ ጊዜ ወገኖቹ እንዳልተቀበሉት የሚናገረው ነው። ነቢያት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጠብቁት ኖረው፣ በመጣ ጊዜ ሳይታወቅ የቀረው ሰዎቹ ስላልጠበቁ አይደለም፤ በዚያ መልክ ይመጣል ብለው ስላልጠበቁ ነው።

ከላይ ቃል ወደ ገባሁት ወደ ሦስቱ ቀን ጾም ልመለስ። በዐሥረኛው መቶ ዓመት በግብፅ አባ አብርሃም ሶርያዊ ፓትርያርክ ሳሉ፣ የእምነት ኃይል ተራራ ያነሣል የሚለውን የወንጌል ቃል በሥራ እንዲያሳዩ ገዢው አዘዛቸው ይላል ትውፊቱ፤ ካላሳዩም በክርስቲያኖቹ ላይ ታላቅ መከራ ይመጣ ነበር። ፓትርያርኩም ከሕዝቡ ጋር ሦስት ቀን ጾሙ። በመጨረሻም የተመለከተላቸው ሰው ከጳጳሳቱ ወይም ከመነኰሳቱ ወገን አልነበረም፤ ማለዳ ማለዳ ለድሆችና ለደካሞች ውኃ እየቀዳ ከዚያ ወደ ሥራው የሚሄድ ስምዖን የሚባል ጫማ ሰፊና ቆዳ ሠሪ ነበር። እርሱም ፓትርያርኩን ከፊት አስቁሞ፣ ራሱ ከኋላ በሕዝብ መካከል ተሰውሮ ጸለየ፤ በካይሮ አጠገብ ያለው የሙቀጣም ተራራም ተነቃነቀ። ኋላ ቢፈልጉት ታጣ።

እንግዲህ በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾመው አንድ ቆዳ ሠሪ የጸለየውን እያሰብን ነው፤ በዚያው ጾም ውስጥ ሆነን ደግሞ ጓደኛችንን የፋቂ ልጅ እንላለን። ነገሩ በዚህ አያበቃም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 መጨረሻን ብትመለከቱ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ያረፈው ስምዖን በሚባል ሌላ ሰው ቤት ነው፤ የዚህንም ሰው ሥራ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቁርበት ፋቂ ይለዋል። እኛ ስድብ ያደረግነውን ቃል መጽሐፉ የሥራ ስም አድርጎ ተጠቅሞበታል። ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል ጴጥሮስ የተማረበት ራእይ የታየውም በዚያ ሰው ቤት ሰገነት ላይ ነው። ወንጌሉ ራሱ ሲጻፍ የኖረበት ብራና ቆዳ ነው፤ መጽሐፉ የሚገባበት ማኅደር ቆዳ ነው፤ የከበሮው ፊት ቆዳ ነው፤ ብዙዎቻችንን እናቶቻችን ያዘሉበት አንቀልባም ቆዳ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ መከልከላቸውን በታሪክ ትምህርት ተምረናል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ በአንድ ክፍል ውስጥ ስድቡ ያስቃል።

ሦስተኛው እሑድ ኖላዊ ነው። ምስባኩ መዝሙር 79፣ ወንጌሉ ዮሐንስ ምዕራፍ 10 ነው። ብዙ ጊዜ ከዚህ ምዕራፍ የሚነገረው ነፍሱን ስለ በጎቹ ስለሚሰጠው እረኛና ተኵላ ሲመጣ ስለሚሸሸው ምንደኛ ነው። ምንደኛ ስንል ግን ለደመወዝ የሚሠራውን ሁሉ ማለት እንዳይመስለን፤ በገጠር የአጎቴን ከብት የሚጠብቅ ተቀጣሪ ልጅ ጅብ መጥቶ ሳለ ጥጃውን ጥሎ እንዳልሸሸ አውቃለሁ። እኔን የያዘኝ ግን ብዙ የማይነገርለት ቁጥር 3 ነው፤ እረኛው የራሱን በጎች በየስማቸው ይጠራቸዋል ይላል። ከዚያ አርብ ጀምሮ እስከ ኖላዊ ድረስ ሁለት ሳምንት ሙሉ የጓደኛዬን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራሁም ነበር። መጀመሪያ በሌላ ስም ስለ ጠራሁት፣ በኋላ ደግሞ ስላፈርሁ ነው። የልደቱን ዜና መጀመሪያ የሰሙት እረኞች መሆናቸውን፣ የገና ጨዋታም የነዚያ እረኞች ደስታ መታሰቢያ ነው መባሉን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያን ዓመት ግን ሌሎቹ ጥንጉን ሲያባርሩ እኔ ከዳር ቆሜ ነበር የማየው፤ እርሱ በሌላው ወገን ይጫወት ነበርና።

አርብ ታኅሣሥ 28 ቀን፣ በገሃድ ዕለት፣ ከትምህርት ቤት ስንወጣ ተከትዬ በስሙ ጠራሁት። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ነገሩን እንድጽፍ ግን እርሱ ራሱ ፈቅዶልኛል። ይቅርታ ስጠይቀው ዝም ብሎ ጥቂት ከተራመደ በኋላ፣ «እኔን ብቻ አይደለም የሰደብኸው» አለኝና ወደ ቤታቸው ወሰደኝ። አባቱ ደጃፍ ላይ በርጩማ አድርገው፣ አንድ የለፋ ቆዳ ጠፍር ሊቆርጡ ዘርግተው ነበር። የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ጠየቁኝ። ይህ ጥያቄ የትም የምንጠየቀው ነው፤ በዚያ ቀን ግን ለመመለስ አቃተኝ። በመጨረሻ የአባቴን ስም ነገርኋቸው፤ የመጣሁበትንም ጉዳይ እንደ ምንም ብዬ ተናገርሁ። ሰምተው ሲያበቁ ለጊዜው ምንም አላሉም። ከዚያ የቆዳውን አንድ ጫፍ ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ያዝልኝ ልጄ፣ ጠበቅ አድርገህ» አሉኝ። ልጃቸው አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን፣ ጠፍሩ ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ ቆየን።

በዚያ ሌሊት ለልደት ቅዳሴ ስቆም፣ ብዙ ጊዜ ብታጠብም የቆዳው ሽታ ከእጄ አልለቀቀም ነበር።